ለደንበኞቻችን፦ በመጠነኛ ዋጋ የጌም ላፕቶፕ ስለ መምረጥ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ክረምት ሲገባና ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ለልጆቻችሁ የጌም ላፕቶፕ ለመግዛት ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት ጭምር ደብረ ብርሃን ወዳለው ሱቃችን ትመጣላችሁ። አብዛኞቻችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁን ስለ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና ማስሊያ ክፍል) «ኮር አይ 7 ነው ወይ?» ብላችሁ ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ ለምን እንደማይበቃ በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደናል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይ 7 4600ዩ 2 ኮር (በአንድ ጊዜ የሚሠሩ የማስሊያ ክፍሎች) ብቻ ሲኖረው፣ በ2022 የወጣው አይ 5 12450ኤች 8 ኮር አለው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ጀነሬሽኑን (የስንተኛው ትውልድ ምርት እንደሆነ) ጠይቁ፤ ከኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበሉት፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛው ጀነሬሽን ወዲህ ያሉት ናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ጌምን የሚሸከመው ምስሉን የሚሠራው ክፍል፣ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ አባት «8 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ተብለው ከሌላ ቦታ የገዙትን ላፕቶፕ ይዘው መጡ፤ ከፍተን ስናየው የራሱ ካርድ ጨርሶ አልነበረውም። ዊንዶውስ ከራሙ (ላፕቶፑ ሲሠራ ከሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ለግራፊክስ ሊያውስ ስለሚችል፣ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ማንኛውም ላፕቶፕ 8 ጊጋ የሚያህል ቁጥር ያሳያል፤ ይህ ግን የተዋሰው እንጂ የራሱ አይደለም። ላፕቶፑን ልናስተካክልላቸው አልቻልንም፤ የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ ኋላ አይጨመርም። እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት ተጭናችሁ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱና ፐርፎርማንስ ከሚለው ሥር የካርዱን ስምና «ዴዲኬትድ» የሚለውን (የካርዱን የራሱን ማህደረ ትውስታ) መጠን ተመልከቱ።

ምክራችን ከዚህ የሚከተል ነው፤ ገንዘባችሁን በኋላ በማይጨመረው ላይ አውሉ። ራምም ኤስኤስዲም (ፋይልና ጌም የሚቀመጥበት ማከማቻ) በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ገንዘብ ሲገኝ ይጨመራሉ (በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ራሙም የተበየደ ስለሆነ ይህንን አስቀድማችሁ ጠይቁ)፤ ስለዚህ ጥሩ ካርድና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፣ ካርድ ከሌለውና 32 ጊጋባይት ራም ካለው ይሻላል። አቅሙ ለጠበበ ሰው በ2019 የወጣው ባለ 4 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1650 ካርድ ዛሬም ለእግር ኳስና ለቆየት ያሉ ጌሞች ይበቃል፤ ከፍ ማለት ለሚችል በ2023 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 4050 አለ። ኤስኤስዲው ከ512 ጊጋባይት ባያንስ መልካም ነው፤ ጂቲኤ 5 የተባለው ጌም ብቻውን ከ70 ጊጋባይት በላይ ይይዛልና።

የካርዱ ስም አንድ ሆኖ ጉልበቱ ሊለያይ እንደሚችልም እወቁ። አርቲኤክስ 3050 እንደ ላፕቶፑ አሠራር ከ35 እስከ 80 ዋት ድረስ ይሰጠዋል። ቻርጀሩ ብዙ ይናገራል፤ በላዩ የተጻፈውን የውጤት ቮልትና አምፔር ስታባዙ 20 ቮልት በ7.5 አምፔር 150 ዋት ይሆናል። ለጌም የተባለ ላፕቶፕ የ65 ዋት ቻርጀር ይዞ ከቀረበላችሁ ቻርጀሩ ተቀይሮ እንደሆነ መርምሩ። መብራት ሄዶ በባትሪ ሲሠራ ጌሙ ቢንቀራፈፍ ግን ብልሽት አይደለም፤ ላፕቶፑ በባትሪ ሙሉ ጉልበቱን አያወጣም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ላፕቶፑን የሚያቀዘቅዘው ፋን በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው አየር ጥቂት ነው ማለት ነው። ብርዱ ይህንን በከፊል ያካክሳል፤ ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ደግሞ ችግሩ ሙቀቱ ራሱ ነው። በሁለቱም ቦታ ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፤ አቧራውንም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ አስጠርጉ።

ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ ለግማሽ ሰዓት ጌም አጫውታችሁ ፈትሹ። ከእኛ ባትገዙም ከመክፈላችሁ በፊት ብታመጡልን ያለ ክፍያ አይተን የካርዱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፈን እንሰጣችኋለን።

ከሰላምታ ጋር፤
የሽያጭና የጥገና ክፍል፣ ደብረ ብርሃን