ከለገሃር ለንቦቹ፦ የምስጋና መልእክት

ዕድሜዬን በለገሃር ምድር ባቡር ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባሕር የማውቀው ጅቡቲ ድረስ በባቡር ስወርድ ነው። ልጄ ግን ባሕር ዳር የመርከብ መሐንዲስነት ተምሮ በሰው አገር የጭነት መርከብ ላይ ይሠራል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ፣ መርከባቸው በፈረንሳይ ምዕራብ ዳርቻ ስታልፍ በማዕበል መሃል ሞተሯ ቆመ። ነፋሱ ወደ ዓለቱ ይገፋቸዋል። ልጄ የላከልኝ መልእክት «አባዬ፣ ሞተር ጠፍቷል፤ ለእማዬ እንዳትነግራት» ይላል። እሷ ግን ከትከሻዬ ኋላ ሆና አብራ አንብባው ነበር።

ምስጋናዬ አስቀድሞ ለደረሰችላቸው ጎታች መርከብ ሠራተኞች ይድረስ። ልጄ እንዳጫወተኝ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ትልቁ ገመድ አይደለም። ከጎታቿ ቀጭን ገመድ ይወረወራል፤ በእሱ ወፈር ያለው ይሳባል፤ በዚያ ደግሞ መጎተቻው። ሁለት ጊዜ ነፋስ ወሰደባቸው፤ በሦስተኛው ያዙት። የልጄ ጓንት ተቀዶ መዳፉ ተልጧል፤ እስካሁን የቡና ስኒ የሚይዘው በጣቱ ጫፍ ነው። እኛ ፉርጎ ስንቀጥል መሬቱ ቆሞ ይጠብቀን ነበር፤ እነሱ ግን ሁለቱም ወገን እየዘለለ ነው የቀጠሉት።

ያቺ መርከብ እዚያ የተገኘችው በአጋጣሚ አልነበረም። መጋቢት 7 ቀን 1970 ዓ.ም. አሞኮ ካዲዝ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መሪዋ ተበላሽቶ፣ እዚያው ዳርቻ ፖርሳል ከምትባል መንደር ፊት ለፊት ዓለት ላይ ወጥታ ተሰበረች። ከ220 ሺህ ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። አንድ ጎታች ደርሶላት ነበር፤ ግን አቅሙ አልበቃም፣ ገመዱም ተበጠሰ፣ በዚያ ላይ በሬዲዮ የክፍያ ክርክር ነበር። ሰው እየሰጠመ የዋጋ ድርድር! ፈረንሳይ ከዚያ ወዲህ ብሬስት ላይ ብርቱ ጎታች መርከብ በመንግሥት ወጪ ታቆማለች። ነፋስ ሲበረታ ሌላው መርከብ ወደብ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ሥራዋ መጠበቅ ነው።

«ሥራ ፈትቶ ለቆመ ነገር ይህን ያህል ገንዘብ?» የሚል ሒሳብ ያዥ የትም አይጠፋም፤ እኔም በሥራ ዘመኔ ሰምቼዋለሁ። እንግሊዝ ከነበሯት አራት ተጠባባቂ ጎታቾች ወጪ ለመቆጠብ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቀንሳ፣ በስኮትላንድ ሰሜን አንድ ብቻ አስቀርታ ነበር። ያን ሌሊት ሒሳቡ ለእኔ ሌላ ሆኖብኛል።

ፈረንሳዮች ጎታቾቻቸውን «አቤይ» ይሏቸዋል፤ ንብ ማለት ነው። ምድር ባቡር ያስተማረኝ ፈረንሳይኛ በዚህ ዕድሜዬ ጠቀመኝ፤ ይህንኑ ደብዳቤ ገልብጬ ልኬላቸዋለሁ። የጉዳዩ ምርመራ ስላላለቀ የልጄን መርከብ ስም እተወዋለሁ።

የሠፈሬ ሰዎች፣ የዕድራችን አባላት፣ እስጢፋኖስ ሄዳችሁ ሻማ ያበራችሁልን፣ ሌሊቱን ቡና እያፈላችሁ ከባለቤቴ ጋር ያነጋችሁ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። መብራት ሲጠፋ ስልኬ እንዳይዘጋ ፓወር ባንክ ይዞ በዝናብ የሮጠውን ልጅ ግን በግርግሩ መልኩን አላየሁትም። ፓወር ባንኩ ቡፌው ላይ ነው። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ይቆረሳል፤ ልጃችንም አለ። መጥተህ ውሰደው።