ለዘማች ቤተሰብ ከጸሎት ጎን ምን ይደረግ?

ለአዘጋጁ፦

ዘመድ ወደ ጦርነት ለሄደባቸው ምእመናን ስለሚሰጠው ማጽናኛ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። «እምነት ካለህ አትጨነቅ» የሚለው ምክር ግን ጉዳት አለው። ዳዊት ራሱ በ13ኛው መዝሙር «እስከ መቼ» እያለ ወደ አምላኩ ጮኋል። ጭንቀቱን እንዲደብቅ የተነገረው ሰው የሚያዋየው ያጣል፤ ሲብስም በእምነቱ ደካማ እንዳይባል ከጉባኤው ይቀራል።

ሌላው የመረጃ ጉዳይ ነው። የስልክ መጥፋት በራሱ መርዶ አይደለም፤ ኔትወርክ ሊቋረጥ፣ ስልክ ሊሰበሰብ ይችላል። በአገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት የተማረከ ወታደር ካምፕ በደረሰ በ1 ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡ ካርድ እንዲጽፍ እንዲፈቀድለት በ1949 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ያዛል። ወሬው ከጠፋ የቀይ መስቀል የጠፉ ሰዎች ፍለጋ አገልግሎት ያለ ክፍያ ጥያቄ ይቀበላል። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዘመንና ቦታ፣ የመጨረሻው ግንኙነት ቀን አስቀድሞ በወረቀት ቢሰፍር ፍለጋውን ያቀለዋል፤ በድንጋጤ ሰዓት እነዚህ ይዘነጋሉ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ እምነት ቤተሰቦችን ይህን ጥያቄ ማስሞላት የሚችል አንድ ሰው ይመድብ። በጉባኤ ጸሎትም የዘማቹ ስም ብቻ ይጠራ። ክፍሉና ያለበት ቦታ በአደባባይም በማኅበራዊ ሚዲያም አይነገር፤ ለእርሱም ለጓዶቹም አደጋ ነው።