ቅዳሜ ስለ ዲጂታል ሥራዎች እንወስናለን

ሰላም የሥዕል ቡድናችን አባላት፣

የዘንድሮው ኤግዚቢሽናችን በታብሌትና በቪአር (በዓይን ላይ በሚደረግ መሣሪያ የሚታይ ምናባዊ ዓለም) የተሠሩ ሥራዎችን ይቀበል አይቀበል፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በተለመደው ስቱዲዮ እንወስናለን።

መነሻችን ቻይናዊቷ አርቲስት ካኦ ፌይ ሰከንድ ላይፍ በተባለው የኢንተርኔት ምናባዊ ዓለም ውስጥ የገነባችው አርኤምቢ ሲቲ የተባለ ምናባዊ ከተማ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ለጎብኚ ተከፈተ። በከተማው ውስጥ የቤጂንጉ ቲያናንመን አደባባይ መዋኛ ገንዳ ሆኗል፤ ግዙፍ ፓንዳ አየር ላይ ይንሳፈፋል። በ2011 ፕሮጀክቱ አበቃ። ዛሬ የምናየው ቪዲዮውንና ፎቶውን ነው። ታዲያ እኛ እንዲህ ያለውን ምኑን ሰቅለን ነው የምናሳየው? ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። በኮምፒውተር መሠራቱማ አያጣላንም።

ታብሌት ያላችሁ ቻርጅ አድርጋችሁ አምጡ። ፕሮጀክተር የሚያመጣ ግን እስካሁን አላገኘንም።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። የማትመጡም "ይቀበል" ወይም "አይቀበል" ብላችሁ ድምፃችሁን ላኩ።