ይድረስ ለእማዬ፣ ድሬዳዋ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽ ፊደል ስለማይለይልሽ እቴቴ ታንብብልሽ፤ ቁጥር ስላለበት ቀስ ትበል።

በመጀመሪያ እትዬ የሥራ ሰዓት ስለተቀነሰባት ልጃቸው የጠየቁት። ሚኒሶታ ውስጥ ሰዓት የተቀነሰበት ሰው ሥራውን ሳይለቅ አንኢምፕሎይመንት፣ ማለትም ሥራ ላጣ ወይም ለጎደለበት ሰው በየሳምንቱ የሚሰጠውን ክፍያ፣ መውሰድ ይችላል። በሳምንት ከ32 ሰዓት በታች ከሠራችና ገቢዋ ከተመደበላት የሳምንት ክፍያ ካነሰ፣ የሠራችው ገንዘብ ግማሹ ብቻ ከክፍያው ላይ ይቀነሳል። 400 ዶላር ተመድቦላት 250 ብትሠራ፣ 125 ተቀንሶ 275 ይሰጣታል፤ ከደመወዟ ጋር 525 ይሆናል። 400 የሞላችበት ሳምንት ግን ምንም የላትም። የመጀመሪያው ሳምንትም አይከፈልም። ቴክሳስ ያሉት ዘመዶቿ የሚሏትን አትስማ፤ የእነሱ ደንብ ሌላ ነው።

ሰው የሚሳሳተው አሞላሉ ላይ ነው። ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ነው፤ የሚሞላውም በዚያ ሳምንት የተሠራበት እንጂ እጅ የገባው አይደለም። ቼኩ ዘግይቶ ስለሚመጣ ብዙው ሰው «ገና አልተከፈለኝም» ብሎ ዜሮ ይሞላል፤ መዘዙ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ደግሞም የሚጻፈው ግብር ከመቆረጡ በፊት ያለው ነው፤ ጉርሻም ይቆጠራል። የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት በየቀኑ ደብተር ላይ ትጻፍና በሰዓት ክፍያዋ ታባዛው። አሠሪው የከፈለውን ለመንግሥት ስለሚያሳውቅ መዝገብ ከመዝገብ ይመሳከራል። ልዩነት ከተገኘ ትርፉን ትመልሳለች፤ ሆን ብላ ከሆነ ቢያንስ 15 በመቶ ቅጣት አለው። አለቃዋ ተጨማሪ ሰዓት ሲሰጣት እምቢ ብትልም ትጠየቅበታለች።

የተቀነሰባት ግማሽ አይጠፋም፤ ከጠቅላላ ድርሻዋ ስለማይነካ ዓመቱ እስኪሞላ ድረስ ይቆይላታል። ክፍያው ግብር ስላለበት ከመጀመሪያው 10 በመቶ እንዲቆርጡላት ትጠይቅ፤ አለበለዚያ የግብር ወቅት ሲደርስ ዕዳ ይጠብቃታል።

እስከዚህ ያለውን ለእትዬ አንብቡላቸው። የቀረው ላንቺ ነው።

ልጁ ሁለት ጥርሱ ወልቋል። እዚህ አፓርታማ ውስጥ ምን ጣሪያ አለ፤ ለገና ድሬ ሄደን እንወረውረዋለን ብዬው ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጦታል። በየማታው እየከፈተ ያያል።

በስልክ የእትዬን ልጅ «ምጽዋት ልትበላ» ያልሽው ግን ልክ አይደለም። አሠሪው በእያንዳንዱ ሠራተኛ ምክንያት ግብር እየከፈለ የሚጠራቀም ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1935 ጀምሮ በሕግ የቆመ። እድርሽ ድንኳን ሲተክልልሽ ምጽዋት ትይዋለሽ? በ1998 የደቻቱ ጎርፍ ግቢያችንን ሲወስድም የመጣልንን ብርድ ልብስ «ልመና አልወጣንም» ብለሽ መለስሽው። ታናሼ እርጥብ ፍራሽ ላይ ሲያስል አደረ። አንቺ ኮርተሽ ነበር፣ እማዬ፤ እኛ በርዶን ነበር።

እኔም ከመስከረም ጀምሮ ያንኑ ቅጽ እየሞላሁ ነው።

ለገና የማልመጣው ለዚህ ነው። በየሳምንቱ «ለሥራ ዝግጁ ነህ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ድሬ ተቀምጬ አዎ ብል ማጭበርበር ነው፣ ሳምንቱም አይከፈልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህ ክፍያም ደመወዙም ቢቀር ኪራዩን የምከፍልበት የለኝም።

የሞራውን ቀጠሮ እኔን ጠብቀሽ እንዳታራዝሚው። ግማሹን ገንዘብ ልኬያለሁ፤ የቀረውን በጥር እልካለሁ። ስኳርሽ ከፍ ካለ ሊያዘገዩት ስለሚችሉ ቀድመሽ ተለኪ። ጠብታውን እቴቴ እጇን ታጥባ ትጨምርልሽ፤ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንሽን እንዳይነካ።

ጥርሶቹን በሚመጣ ሰው እልካለሁ። እቴቴ ትወርውራቸው፤ አንቺ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጎንበስ ቀና አይፈቀድልሽም።

ልጅሽ፣ ከሚኒያፖሊስ