ከሽንት ቤት መምጠጫ መኪናውም ናሙና ይወሰድ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ለአዲስ አበባ ከተማ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ ፍሳሽ ነው። ብዙ ቫይረስ ሆስፒታል ከመታየቱ በፊት እዚያ ይገኛልና።

ፖሊዮን እንይ። ቫይረሱ ከያዛቸው 200 ሰዎች የማይድን ሽባነት የሚያገኘው አንዱን ያህል ነው። ሌላው ትንሽ ያተኩሰዋል፣ ወይ ጭራሽ ምንም አይሰማውም። ግን ሳያውቀው ለሳምንታት ቫይረሱን በዓይነ ምድሩ ያወጣል። ሽባ የሆነ ልጅ እስኪመጣ ከጠበቅን፣ ቫይረሱ ሰፈሩን አዳርሷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ለንደን አልጠበቀችም። ከቤክተን ማጣሪያ ጣቢያ በተወሰደ ፍሳሽ የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። ሽባ የሆነ ልጅ አልነበረም። ሆኖም ከ1 እስከ 9 ዓመት ላሉ የከተማዋ ልጆች በሙሉ ተጨማሪ ክትባት ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2013 በእስራኤሏ ከተማ ራሃትም ቫይረሱ የታወቀው በፍሳሹ ነው፤ አንድም ልጅ ሽባ ሳይሆን የክትባት ዘመቻ ተጀመረ።

እኛም ከዜሮ አንነሳም። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የፖሊዮ ላብራቶሪ አለው። በኮቪድ ጊዜ በፒሲአር ምርመራ እጃቸው የተፍታታ ባለሙያዎች አሉን። ቃሊቲም ትልቅ ማጣሪያ ጣቢያ አለ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ናሙናው ከየት ከየት እንደሚወሰድ ነው።

በመስመር ቃሊቲ የሚደርሰው መስመር የገባለት ቤት ፍሳሽ ነው። በየቀበሌ ቤቱ ግን ስምንትና አስር አባወራ አንድ ጉድጓድ ሽንት ቤት ይጋራል። ሲሞላ ተራ ተይዞ መኪና ይጠበቃል። መኪናው መንደር ውስጥ ስለማይገባ ዋናው መንገድ ላይ ይቆማል። የመምጠጫ ጎማው በየደጃፉ እየተጎተተ ይገባል። ሴቶቹ የተሰጣ ልብስ ያነሳሉ፣ ልጆች ጎማውን እየዘለሉ ይጫወታሉ። ናሙናው ከመስመሩ ብቻ ከተቀዳ እነዚህ ልጆች ከቁጥር ውጪ ናቸው። እኔ ደግሞ ቅድሚያ የምሰጠው ለእነሱ ነው።

ስለዚህ መኪኖቹ ሲያራግፉ ናሙና ይወሰድ። ሹፌሩ ከየትኛው ወረዳ እንደጫነ ይመዝገብ፣ ጠርሙሱም በበረዶ ሳጥን ላብራቶሪ ይድረስ። እርግጥ ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ዝቃጭ የሰሞኑን ከድሮው ቀላቅሎ ነው የሚያሳየው። ለዚህ ነው ከቀበናና ከባንቴይቀጡ ወንዞችም፣ ሽንት ቤት ከሚለቀቅባቸው ቦታዎች ዝቅ ብሎ፣ በየሳምንቱ ይቀዳ የምለው።

ውጤቱንም አትደብቁን። የብዙ ሰው ፍሳሽ ስለሚቀላቀል የማንም ስም አይወጣበትም። የት ወረዳ ምን እንደተገኘና ክትባቱ መቼ እንደሚጀመር በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ይነገረን። እናቶች በሩን የሚከፍቱት ምክንያቱን ሲያውቁ ነው።

ክረምት ሳይገባ ቢጀመር ደግሞ ጥሩ ነው። ዝናብ ወንዙን ከሞላው ቫይረሱ በውሃው ብዛት ይሳሳል፣ ለማግኘትም ያስቸግራል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ