የታጠፈ ጣት ሁሉ ቁርጥማት አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

የጤና ዓምዳችሁ የጣት መታጠፍን በጅምላ ከቁርጥማት ጋር ደባልቆታል። እኔ ኖርዌይ አረጋውያን እንከባከባለሁ፣ የቀለበት ጣታቸውና ትንሿ ጣታቸው ወደ መዳፍ የታጠፈ ሽማግሌ እዚህ ብርቅ አይደለም። በሽታው ዱፑይትረን ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1831 ቀዶ ሕክምና ባደረገለት ፈረንሳዊ ሐኪም ስም። መነሻው መገጣጠሚያው ሳይሆን ከመዳፍ ቆዳ ሥር ያለው ሽፋን ወፍሮ እንደ ገመድ መወጠሩ ነው፤ ብዙ ጊዜም አያምም። ግን (የዘለላችሁት ይሄን ነው) ጣቱ ለዓመታት ታጥፎ ከቆየ መገጣጠሚያውም ራሱ ይደርቃል፣ ያኔ ገመዱ ቢቆረጥም ጣቱ ሙሉ ለሙሉ ላይዘረጋ ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ላይም ይበዛል። እስቲ መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ልጥፍ ካላለ ሐኪም ይየው፣ በቅባት እያሹ ጊዜ ማቃጠል ምን ያደርጋል?

አንባቢያችሁ፣ ከኖርዌይ