ያን ቀን በስልክ ያልነገርኩሽ

ልጄ፣

የላክሽልኝን የቤቱን ፎቶ አየሁት። ኩሽናው ያምራል። ጓሮው ደግሞ ለእናትሽ በሶብላና ጤናዳም ይበቃል። ዋጋውም እንደ ሂውስተን መጥፎ አይደለም። ከዚያ አድራሻውን ካርታ ላይ አስገባሁት። ከቤቱ ጀርባ፣ ሁለት መንገድ ብቻ አልፎ፣ ብሬይስ ባዩ የሚሉት ቀጭን ወንዝ ያልፋል። ስልኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ቀረሁ። እናትሽ «ምን ሆንክ?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት።

ለአንቺም አንድ ጊዜ እንደዚሁ «ምንም» ብዬሻለሁ። ሃርቪ የተባለችው ሀሪኬን፣ የባሕር አውሎ ነፋሷ፣ ጎርፍ ባመጣችብን ዕለት፤ ኦገስት 27 ቀን 2017፣ እሑድ፣ እኩለ ቀን አካባቢ። ከኦስቲን ደውለሽ «አባዬ ደህና ናችሁ?» አልሽኝ። «ደህና ነን፣ ትንሽ ውሃ ገብቶ ምንጣፉ ረጥቧል፣ አይዞሽ» አልኩሽ። ያኔ የኩሽናው መደርደሪያ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ወንድምሽ፣ ከእሱ ቀጥሎ እናትሽ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ያቺ የስኳር ድንች ፓይ ታመጣልሽ የነበረች ጎረቤታችን። ውሃው መሳቢያዎቹን ሞልቶ ነበር። ፍሪጁ ተገልብጦ ሳሎን ውስጥ ይንሳፈፋል። ስልኬ ላይ የቀረው ባትሪ 11 ከመቶ ነበር።

ቤት ልትገዢ ስለሆነ አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ማንበቡ ካስቸገረሽ እናትሽ ታንብብልሽ። እሷም ያልሰማችው ነገር አለበት።

ከመሄድ እንጂ ከመቅረት የማይጀምር ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ከሌላዋ ሀሪኬን፣ ከሪታ ልጀምር። 2005 ላይ የ7 ዓመት ልጅ ነበርሽ። ካትሪና ኒው ኦርሊየንስን ካጠፋች ገና ወር አልሞላትም። ከዚያ የሸሹት ሰዎች በሺዎች እየሆኑ በአውቶቡስ እዚህ አስትሮዶም ስታዲየም ገብተው ነበር። ብርድ ልብስና ዳይፐር ይዘን ሄደናል፣ ታስታውሺ ይሆናል። አልጋ በአልጋ የተሞላውን ሜዳ አይተሽ «እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም?» ብለሽኝ ነበር። ይህንን ያየ ከተማ ሌላ ሀሪኬን እየመጣ ነው ሲባል እንዴት ይቀመጣል? ሴፕቴምበር 22፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሂውስተን በሙሉ መኪናው ውስጥ ገባ። ከአካባቢው ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ወጣ ይባላል። እኛም ወጣን።

ሀንትስቪል ለመድረስ ከ15 ሰዓት በላይ ፈጀብን። በደህናው ቀን የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ ነው። ቤንዚን እንዳያልቅ ኤሲ አጠፋን። አንዳንዱ ሞተሩን አጥፍቶ መኪናውን በእጁ ይገፋ ነበር። ሙቀቱ የሚቻል አልነበረም። አንቺ ከኋላ ወንበር ልብስሽ ሰውነትሽ ላይ ተጣብቆ ተኝተሽ ነበር፤ እናትሽ በየጊዜው እጇን አፍንጫሽ ሥር እያደረገች ትንፋሽሽን ትፈትሽ ነበር። በዚያው ሽሽት ከአረጋውያን መኖሪያ ሰዎችን የጫነ አውቶቡስ ዳላስ አጠገብ ተቃጥሎ 23 ሰው ሞቷል። በጠቅላላው መቶ ያህል ሰው መንገድ ላይ ቀረ። ሪታ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ታጠፈችና ሂውስተንን ሳትመታ አለፈች። ተመልሰን ቤት ስንገባ አንድ ብርጭቆ አልተሰበረም።

ለዚህ ነው ሃርቪ ሲመጣ ያልወጣነው። ከንቲባው ሲልቬስተር ተርነር ሰው ባለበት ይቆይ አለ፤ ብዙዎች እስከ ዛሬ ይወቅሱታል። እኔ አልወቅሰውም። ሚሊዮኖችን መንገድ ላይ አስወጥቶ ጎርፉ እዚያ ቢያገኛቸው ምን ይሆን ነበር? ሪታን በመኪና ውስጥ ያሳለፈ ሰው ሁሉ ይህን ይረዳል።

ሃርቪ ዓርብ ማታ፣ ኦገስት 25፣ ሮክፖርት አካባቢ ነው የገባችው። ከእኛ ሩቅ ነው። ቅዳሜን ቀኑን ሙሉ «አለፈልን» እያልን ዋልን። ማታ ሰው ሁሉ የሜይዌዘርን ቦክስ ለማየት ተሰብስቦ ነበር። እኔም የታክሲ ሥራ ስለቀዘቀዘ በጊዜ ገባሁ። ከዚያ ዝናቡ ጀመረ። ነፋስ የለም፣ የሚበር ቆርቆሮ የለም። ዝናብ ብቻ። ሀሪኬኗ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚገፋት ጠፍቶ ቴክሳስ ላይ ቆመች፤ ከባሕረ ሰላጤው ሙቅ ውሃ እየጠጣች በላያችን ታፈሳለች። ኔደርላንድ በምትባለው ከተማ በአንድ ሰሞን የወረደው ዝናብ ከ1.5 ሜትር በላይ ተለክቷል። እኔን ቢያቆሙኝ እስከ አንገቴ ይደርሳል።

ውሃው በበር ይመጣል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ፎጣና የአሸዋ ጆንያ በሩ ሥር ደርድሬያለሁ። የመጣው ግን በሽንት ቤቱና በሻወሩ ቀዳዳ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጉር ጉር የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ቀዘቀዘኝ። እናትሽን ቀሰቀስኳት። ወንድምሽን ተሸከምኩት፤ 11 ዓመቱ ነበር፣ ግን ተሸከምኩት። ሄጄ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ። የምኮራበት ነገር ቢኖር ያንን ማስታወሴ ነው፤ ሶኬቶቹ ውሃ ሊገባባቸው አንድ ጣት ቀርቷቸው ነበር።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ይህንን ደጋግሜ ለራሴ እላለሁ። ደቻቱ ወንዝን እያየሁ ነው ያደግሁት። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ኳስ ተጫውተንበታል፣ ገበያ ይቆምበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። ከላይ ከደጋው ዝናብ ሲጥል ግን ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ 2006 ላይ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። አያትሽን ስደውልላት መስመሩ እምቢ ሲለኝ ያደርኩትን ሌሊት አልረሳውም። በማግሥቱ አገኘኋት። «እኛ ደህና ነን፣ ማዶ ያሉት ግን…» ብላ አቆመች። ይህን የሰማሁ ሰው ነኝ እንግዲህ ከባዩ አራት መንገድ ርቀት ላይ ቤት ገዝቼ፣ ያንን ሲሚንቶ የተነጠፈበትን ቀጭን ወንዝ በየቀኑ በድልድይ እያለፍኩ፣ አንድ ቀን እንኳን ደቻቱ ትዝ ያላለኝ። ብሬይስ ባዩ 2015 ላይ ሞልቶ ነበር። 2016 ላይም ጎርፍ ነበር። ሁለቱም ጊዜ የእኛ መንገድ ዳር ደርሶ ተመለሰ። «ቤታችን ከፍ ያለ ነው» አልኩ።

ስለ ጎረቤታችን ልንገርሽ። ቤቱን ስንገዛ ፓይ ይዛ መጥታ ነበር፤ አንቺ ፓዩን ታስታውሻለሽ። ከፓዩ ጋር መጥረቢያ ይዛ እንደመጣች ግን አታውቂም። ደንግጬ ነበር። አዲስ ቤት ለገባ ሰው መጥረቢያ? «አቲክ ውስጥ አስቀምጠው» አለችኝ፤ ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ማለቷ ነው። ከዚያ ለምን እንደሆነ ነገረችኝ። የኒው ኦርሊየንስ ሰው ናት፣ የሎወር ናይንዝ ዋርድ። ካትሪና ሰኞ ጠዋት ኦገስት 29 ቀን 2005 ስትገባ እሷ ቤቷ ነበረች፤ መኪና አልነበራትም። ነፋሱ ገና እየነፈሰ ነበር። ከዚያ የኢንዱስትሪያል ካናል ግድብ ተደረመሰ። ውሃው በደቂቃዎች ኮርኒስ ደረሰ። አቲክ ላይ ወጣች፤ ውሃው ተከትሏት ወጣ። አቲክ መስኮት የለውም። ጣሪያውን በጡጫዋ ስትደበድብ ጎረቤት ሰምቶ ከውጭ በመጥረቢያ ፈልጦ አወጣት። በእሷ መንገድ ላይ ያሉ ሌሎች አቲኮችን ግን ማንም አልፈለጣቸውም። «ከተማችንን የገደለው ነፋሱ አይደለም፣ ግድቡ ነው» ትል ነበር። እውነቷን ነው። ከ50 በላይ ቦታ ላይ ተሰብሮ ከከተማዋ 80 ከመቶው ውሃ ውስጥ ገባ።

እሑድ ጠዋት፣ ውሃው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ፣ ልጠራት ሄድኩ። ብቻዋን አልጋዋ ላይ ቆማ ነበር። ቀይ ጉንዳኖች እንደ ምንጣፍ ተያይዘው በግቢው ውሃ ላይ ይንሳፈፉ ነበር፤ እየሸሸኋቸው አመጣኋት። «አቲክ እንውጣ» ስላት እጄን ለቀቀች። «አቲክ አልገባም። እዚሁ ልሙት እንጂ አቲክ አልገባም።» ስለዚህ መደርደሪያው ላይ ወጣን። መጥረቢያውን አውርጄ ሰጠኋት። ቀኑን ሙሉ ጭኗ ላይ አጋድማ እንደ ሕፃን ይዛው ዋለች። አንቺ ስትደውዪ ቀና ብላ አየችኝ። አማርኛ አትሰማም፣ ግን ምን እያልኩሽ እንደሆነ ገብቷታል። ስልኩን ስዘጋ «ጥሩ አደረግህ፣ ልጅት መኪና ይዛ ትመጣ ነበር» አለችኝ። ትመጪ ነበር። አውቅሻለሁ።

የአደጋ ጊዜ ስልኩ 911 አይነሳም ነበር። መስመሩ ተጨናንቋል። ያኔ የካውንቲው አስተዳዳሪ የነበረው ኤድ ኢሜት በቴሌቪዥን ወጥቶ ጀልባ ያለው ሰው ሁሉ ይውጣ ያለው ያን ቀን ነው። እኛን ያወጣን ከመንገድ ማዶ ያለው ሜክሲኳዊ ነው፤ ዓሣ የሚያጠምድባት ትንሽ ጀልባ ነበረችው። ለስምንት ዓመት እጅ ከማውለብለብ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። አራት ጊዜ ተመላለሰ። መጀመሪያ አሮጊቷን፣ ከዚያ እናትሽንና ወንድምሽን። ወንድምሽ ጀልባዋ ላይ ሆኖ ወደ እኔ እያየ አላለቀሰም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ እነሱ ከታጠፉ በኋላ፣ ማንም በሌለበት ቤት። ይህን ነው እናትሽ ያልሰማችው።

ከድልድዩ በአሸዋ መጫኛ መኪና ጭነው መሀል ከተማ ጆርጅ ብራውን አዳራሽ ወሰዱን። በሁለተኛው ቀን እዚያ ያለው ሰው 10 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። አልጋ በአልጋ የተሞላ አዳራሽ። ያኔ አስትሮዶም ውስጥ የጠየቅሽኝ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በቴሌቪዥን አይታይም። ውሃው በአራተኛው ቀን ሄደ። ሽታው ቀረ። ግድግዳውን ከወለል እስከ ደረት ድረስ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ካልሆነ ሻጋታው ይወርሰዋል። የእድራችን ሰዎች መዶሻና ጓንት ይዘው መጡ። ሴቶቹ እንጀራና ሽሮ ይዘው መጡ። በየቤቱ ደጃፍ የሰው ሕይወት ተከምሯል፤ ሶፋ፣ ፍራሽ፣ አልበም። ያንቺ የሁለተኛ ክፍል ደብተሮች እዚያ ክምር ውስጥ ነበሩ። ጠፉ ብዬሽ ነበር። አልጠፉም፣ እኔ ነኝ የጣልኳቸው።

የ2010 እንቁጣጣሽ ሰኞ ዋለ። ቤቱ አጥንቱ ቀርቷል፤ ከሳሎን ሆነሽ መኝታ ቤቱን በእንጨቶቹ መሀል ታያለሽ። እናትሽ ቄጠማ አጥታ የጓሮውን ሳር አጭዳ ሲሚንቶው ላይ ጎዘጎዘች። ቡና አፈላች። ሜክሲኳዊው ከነሚስቱ መጣ። አሮጊቷ መጣች። ሰው ያመጣልንን ዶሮ ወጥ ባልዲ ላይ ተቀምጠን በላን።

አሁን ስለ ገንዘቡ። የቤት ኢንሹራንስ ነበረን። የቤት ኢንሹራንስ ግን ጎርፍ አይከፍልም፤ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ነው የሚገዛው። የጎርፍ አደጋ ካርታው ቤታችንን ከአደጋው መስመር ውጭ ስላደረገው እኔ አልገዛሁም። ግድግዳ እሠራለሁ ያለ አንድ ሰው ቅድሚያ ተቀብሎን ጠፋ። ታክሲዋም ሰጥማለች። ለትምህርትሽ ያስቀመጥነውን አወጣሁት። «ሥራ ቀዝቅዟል፣ ለጊዜው ብድር ውሰጂ» ያልኩሽ ያኔ ነው። የትምህርት ገንዘብሽ የሳሎን ግድግዳ ሆነ። በየወሩ ያንን ብድር ስትከፍዪ አያለሁ። ይቅርታ ልጄ።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት። ሻጩን በጽሑፍ ጠይቂው፣ ከ2019 ወዲህ በቴክሳስ ሕግ ቤቱ ጎርፍ ገብቶበት እንደሆነ የመናገር ግዴታ አለበት። የቤቱ ግድግዳ ከታች በኩል ብቻ አዲስ ከሆነ ተጠራጠሪ። ካርታው «አያሰጋም» ቢልሽም የጎርፍ ኢንሹራንሱን ግዢ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከገዛሽው 30 ቀን በኋላ ነው የሚሠራው፣ ደመናውን አይተሽ የምትገዢው ነገር አይደለም። ባዩውን የማስፋት ሥራ ተሠርቷል፣ ሕዝቡም 2018 ላይ ለጎርፍ መከላከያ 2.5 ቢሊዮን ዶላር በድምፁ አጽድቋል። ይህ ደስ ይለኛል። ግን እኔ ውሃውን አይቼዋለሁ።

ቤቱን አትግዢ አልልሽም። ወደሽዋል፣ አይቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። አንቺ ውስጡን ስታዪ እኔ የጎረቤቶቹን በር አንኳኳለሁ፤ 2017 ላይ እዚያ የነበረ ሰው አይጠፋም። ከእነሱ ጋር ቆሜ ውሃው የት ድረስ እንደመጣ በእጃቸው እንዲያሳዩኝ እጠይቃቸዋለሁ።

አሮጊቷ አትላንታ ልጇ ጋ ከሄደች በኋላ ባለፈው ዓመት አረፈች። ስትሄድ መጥረቢያውን መልሳ ሰጥታኝ ነበር። መያዣው ትንሽ ላልቷል፣ አጥብቄዋለሁ። የአሮጊቷን ፓይ የሚተካ ነገር ደግሞ እናትሽ ትጋግራለች። ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ።

አባትሽ